ጽሑፍን በመለያ ምልክት መቁረጥ፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ሥራ?

አዲስ አበባ ዳር ባሉ ሰፈሮች በቴሌግራም ትእዛዝ ተቀብሎ የሚሸጥ ሰው ሞልቷል። ከሱሉልታ ወተት የሚያከፋፍል አለ። ገላን ላይ ብሎኬት የሚሸጥ አለ። ኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሆኖ እንቁላል ቤት ለቤት የሚያደርስም አለ። ትእዛዙ ባንድ መስመር ይመጣል፤ ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ ሂሳብ። ማታ ላይ ያ መስመር ተቆራርጦ ሠንጠረዥ ውስጥ መግባት አለበት። የእኔ ሥራ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ሲስተሞችን መሥራት ነው። ደንበኞቼም ሆኑ ኮድ የሚለማመዱ የሰፈር ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ደግሞ "በምን ልቁረጠው?" የሚል ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ሁሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ስፕሊት (ጽሑፍን በምልክት የሚቆራርጥ) ወይም የእሱ ዘመድ የሆነ ፈንክሽን አለ። ከዚያ ላይ ሬጀክስ (የሚፈለገውን ጽሑፍ ቅርጽ የሚገልጽ ንድፍ) አለ፣ የሲኤስቪ (ቦታዎቹ በኮማ የተለዩበት የሠንጠረዥ ፋይል) ላይብረሪ አለ፣ ኤክሴል አለ፣ ጎግል ሺትስ አለ። ከባዱ ነገር የተሳሳተውን ስትመርጡ ማንም አለመጮሁ ነው። ኮዱ ኤረር አይሰጥም፤ ይሠራል። ከሳምንት በኋላ የሰፈሩ ስም በስልክ ኮለም ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፣ ሾፌሩም የሚደውልበት ቁጥር ያጣል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት ጽሑፉን ማን እንደጻፈው እወቁ። ሰው በስልኩ የጻፈው ከሆነ ሕጉ በየመስመሩ ይለዋወጣል። ማሽን ያወጣው ከሆነ ሕግ አለው፣ ያን ሕግ የሚያውቅ መሣሪያ መጠቀም ነው። ብዙው ስህተት የሚመጣው የማሽኑን ጽሑፍ እንደ ሰው፣ የሰውን ጽሑፍ እንደ ማሽን ከመቁረጥ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መመዘኛ፣ መለያው ምልክት እዳታው ውስጥም ሲገኝ ምን ይፈጠራል የሚለው ነው። በኮማ ልትቆርጡ አስባችሁ ሂሳቡ 12,500 ከሆነስ?

ሁለተኛው፣ ባዶ የተተወ ቦታ ነው። ደንበኛው ስልኩን ካልጻፈ ሁለት ኮማ ተከታትሎ ይመጣል። መሣሪያው ባዶውን ያስቀምጠዋል ወይስ ይውጠዋል? ከዋጠው ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ቦታ ወደ ግራ ይሸሻል።

ሦስተኛው የኛው ጉዳይ ነው፤ የአማርኛ ምልክቶች። ነጠላ ሰረዝ (፣) እና ኮማ (,) ለዓይን ይቀራረባሉ፣ ለኮምፒውተር ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ቀጥሎ፣ ከተቆረጠ በኋላ የሚተርፈው ጽሑፍ ይጠበቃል ወይስ ይጣላል? በመጨረሻም ዋጋውና ኔትዎርኩ። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ሰፈር፣ ያለ ኔት የማይሠራ መሣሪያ ማታ ላይ ሂሳብ ለሚዘጋ ሰው አይሆንም።

ለመፈተኛ እነዚህን አምስት መስመሮች ያዙ። ስሙም ቁጥሩም ለምሳሌ ነው።

መስመር 1፦ ወ/ሮ አልማዝ / 0900000000 / ቱሉ ዲምቱ / 12,500
መስመር 2፦ አልማዝ,,ገላን,300
መስመር 3፦ አልማዝ፣ 0900000000 , ቡራዩ፤ 450
መስመር 4፦ ማስታወሻ: ሰዓት 10:30 ላይ ይድረስ
መስመር 5፦ አልማዝ,"ቱሉ ዲምቱ, ብሎክ 14","12,500"

ተራው ስፕሊት

ጽሑፉንና ምልክቱን ትሰጡታላችሁ፣ የተቆራረጠ ዝርዝር ይመልሳል። ፓይተንና ጃቫስክሪፕት ስፕሊት ይሉታል፣ ፒኤችፒ ኤክስፕሎድ ይለዋል። ፈጣን ነው፣ ለማንበብም ለማስረዳትም ይቀላል። ምልክቱ እዳታው ውስጥ በፍጹም እንደማይገኝ እርግጠኛ ከሆናችሁ ሌላ ነገር አትፈልጉ።

መስመር 1ን በስላሽ ብንቆርጠው አራት ቁራጭ እንጠብቃለን። የሚመጣው አምስት ነው፦ "ወ"፣ "ሮ አልማዝ "፣ " 0900000000 "፣ " ቱሉ ዲምቱ "፣ " 12,500"። አማርኛ ስላሽን ለማሳጠሪያ ይጠቀምበታል። ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ ገ/ማርያም፣ ኃ/ሚካኤል፣ አ/አ። ስለዚህ ስም ባለበት የአማርኛ ዳታ ላይ ስላሽን መለያ ማድረግ አይገባም። "ስፔስ፣ ስላሽ፣ ስፔስ" የሚለውን ሦስት ፊደል አንድ ላይ መለያ ብታደርጉት መስመር 1 በትክክል ለአራት ይከፈላል። ያ የሚሠራው ግን ጸሐፊው ሁልጊዜ ስፔስ ካስገባ ብቻ ነው። ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አያስገባም።

መስመር 2 ላይ ፓይተንም ጃቫስክሪፕትም በኮማ ሲቆርጡ አራት ቁራጭ ይሰጣሉ፤ ሁለተኛው ባዶ ነው። ይህ ትክክለኛው መልስ ነው። የሲ ቋንቋው ስትርቶክ ግን ተከታታይ ምልክቶችን እንደ አንድ ስለሚቆጥር ሦስት ይሰጣል። "ገላን" ስልክ ሆነ ማለት ነው።

ጃቫ የራሱ ጠባይ አለው። ሲጀመር የጃቫ ስፕሊት ምልክቱን የሚያነበው እንደ ሬጀክስ ነው። በነጥብ (.) ቁረጥ ስትሉት ነጥብ በሬጀክስ "ማንኛውም ፊደል" ስለሆነ ባዶ ዝርዝር ይመልሳል። በቀጥታ መስመር (|) ቁረጥ ስትሉት ደግሞ ጽሑፉን ፊደል በፊደል ይበታትነዋል። ሁለተኛ፣ መጨረሻ ላይ ያሉ ባዶዎችን ሳይነግራችሁ ይጥላል። "አልማዝ,0900000000,," የሚለው አራት ቦታ አለው፤ ጃቫ ሁለት ብቻ ይሰጣችኋል። የቁራጭ ገደቡን -1 ብላችሁ ከሰጣችሁት አራቱንም ይመልሳል። በጃቫ ለምትሠሩ ሁሉ ያቺ -1 ልማድ ብትሆን ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ስለ ፊደላችን ልጨምር፣ የሚገባውን ትኩረት ስለማያገኝ። ዩኒኮድ ለፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጥ መስፈርት ነው፣ ዩቲኤፍ 8 ደግሞ ያን ቁጥር በባይት ማስቀመጫ መንገድ ነው። የዩኒኮድ ዋናው የኢትዮጵያ ፊደል ክፍል በዩቲኤፍ 8 ሲቀመጥ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። የነጠላ ሰረዝ ሦስት ባይቶች 225፣ 141 እና 163 ናቸው። "ሀ"ም "ለ"ም "መ"ም፣ በዚያ ክፍል ያለ ሁሉ፣ የሚጀምረው በ225 ነው። ስትርቶክ የሚሠራው በባይት ነው፤ የሰጣችሁትን መለያ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ራሱን የቻለ መለያ ይወስደዋል። ነጠላ ሰረዝን መለያ ብላችሁ ከሰጣችሁት የእያንዳንዱን ፊደል መጀመሪያ ባይት ነቅሎ ጽሑፉን ሁሉ ያጠፋዋል። ፓይተን፣ ጃቫና ጃቫስክሪፕት ይህ ጣጣ የለባቸውም።

አንዴ ብቻ መቁረጥ

መስመር 4ን በኮለን (:) ብትቆርጡት ሰዓቱም አብሮ ይቆረጣል፤ ሦስት ቁራጭ ይሆናል። እኛ የምንፈልገው መጀመሪያ ያገኘው ኮለን ላይ ብቻ እንዲቆርጥና የቀረውን እንዳለ እንዲተወው ነው። ፓይተን ለዚህ ፓርቲሽን አለው። ሁልጊዜ ሦስት ነገር ይመልሳል፦ ከምልክቱ በፊት ያለው፣ ምልክቱ ራሱ፣ ከምልክቱ በኋላ ያለው። ምልክቱ ባይገኝ እንኳ ሦስት ነው፣ ኋለኞቹ ሁለቱ ባዶ ይሆናሉ። ኮዳችሁ "ሁለተኛው ቁራጭ የለም" ብሎ አይወድቅም። ጎ የሚባለው ቋንቋ በ2022 (በፈረንጆች) በወጣው 1.18 ስሪቱ ከት የሚባል ተመሳሳይ ነገር ጨምሯል፤ እሱ ምልክቱ መገኘት አለመገኘቱንም ይነግራችኋል።

ፓርቲሽን በሌለበት ቋንቋ ስፕሊት ላይ ገደብ ይሰጣል። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፤ ቋንቋ የሚቀይር ሰው የሚወድቅበት ቦታ ነው። ሁለት ቁራጭ ለማግኘት ፓይተን ላይ 1 ትጽፋላችሁ፣ ምክንያቱም የሚቆጥረው ስንቴ እንደሚቆርጥ ነው። ጃቫና ፒኤችፒ ላይ 2 ትጽፋላችሁ፣ የሚቆጥሩት የቁራጮቹን ብዛት ስለሆነ። ሦስቱም የተረፈውን የመጨረሻው ቁራጭ ውስጥ ያስቀምጡታል። ጃቫስክሪፕት ግን 2 ሲባል ሁሉንም ቆርጦ ሁለቱን ብቻ ይሰጥና ሌላውን ይጥለዋል። ከመስመር 4 የሚቀራችሁ "ማስታወሻ" እና " ሰዓት 10" ነው። ሠላሳ ደቂቃውም "ላይ ይድረስ" የሚለውም ጠፍቷል። ጃቫስክሪፕት ላይ የመጀመሪያውን ኮለን ቦታ በኢንዴክስ ፈልጋችሁ ራሳችሁ ብትቆርጡ ይሻላል።

"ቁልፍ ቃል፣ ከዚያ ዝርዝር" የሚል ቅርጽ ላለው ነገር ሁሉ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የኮንፊግ ፋይል፣ የክፍያ መልእክት፣ ማስታወሻ፤ ለሁሉም ይሆናል።

ሬጀክስ

መስመር 3 የሰው እጅ ያለበት ነው። አንዱ ጋ ነጠላ ሰረዝ፣ አንዱ ጋ ኮማ፣ አንዱ ጋ ድርብ ሰረዝ። ስፔሱም እንደ ልቡ ነው። ስልክ ላይ ኪቦርድ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እየቀየረ ቁጥር የሚጽፍ ሰው እንዲህ ቢጽፍ አይፈረድበትም። ተራው ስፕሊት እዚህ አይረዳም። ሬጀክስ ግን እንዲህ ሲባል ይበቃዋል፦

` *[፣,፤;] *`

"ስፔስ ቢኖርም ባይኖርም፣ ከእነዚህ አራት ምልክቶች አንዱ፣ ቀጥሎም ስፔስ ቢኖርም ባይኖርም" ማለት ነው። መስመር 3 ንጹሕ ሆኖ ለአራት ይከፈላል፣ ዳርና ዳር ያለው ስፔስም አብሮ ይጸዳል። ከሰው ለሚመጣ የአማርኛ ጽሑፍ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው።

ድክመቱ መገመቱ ነው። ሂሳቡ 12,500 ተብሎ ከተጻፈ ያቺንም ኮማ ይቆርጣታል። "ግራና ቀኟ ቁጥር ከሆነ አትቁረጥ" የሚል ሕግ ማስገባት ይቻላል፦

`(?<![0-9]),|,(?![0-9])`

ይህ 12,500ን ያድናል። ነገር ግን ደንበኛው ስልኩንና ሂሳቡን አጠገብ ለአጠገብ "0900000000,450" ብሎ ከጻፈ ሁለቱ ተጣብቀው ይቀራሉ። ስለዚህ ሬጀክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ከቆረጣችሁ በኋላ ቁጠሩ። አራት ካልሆነ መስመሩን ለብቻ አስቀምጡትና ሰው ይየው። ዝም ብሎ የገባ ስህተት ለብቻው ከተቀመጠ መስመር ይልቅ ያስከፍላል።

ትንሽ ማስታወሻ፤ ፓይተንና ጃቫስክሪፕት ላይ ንድፉ ውስጥ ተራ ቅንፍ ካስገባችሁ፣ መለያ ምልክቶቹም ከቁራጮቹ ጋር ተቀላቅለው ይመለሳሉ። አንዳንዴ ይጠቅማል፣ ብዙ ጊዜ ግን ግራ ያጋባል። ፍጥነቱ ከተራው ስፕሊት ያንሳል፤ በቀን ጥቂት መቶ ትእዛዝ ለሚቆርጥ ሱቅ ግን ልዩነቱ አይታወቅም።

ዓረፍተ ነገር ለምትቆርጡም ሬጀክስ ግድ ነው። አራት ነጥብ (።) ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው። ብዙ ሰው ግን ሁለት ሁለት ነጥብ (፡፡) አስከትሎ ይጽፈዋል፤ ሌላው የእንግሊዝኛውን ኮለን ሁለቴ (::) ይመታል። ሲታዩ አንድ ናቸው። በአራት ነጥብ ብቻ የቆረጠ ሰው ገጹን ሙሉ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ሊያገኘው ይችላል። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ "።" ቀይሩ፣ ከዚያ ቁረጡ።

የቃል መለያው ሁለት ነጥብ (፡) ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትና የቆዩ ጽሑፎች ቃልን ከቃል የሚለዩት በእሱ ነው። ዩኒኮድ ግን ሥርዓተ ነጥብ እንጂ ስፔስ ብሎ አልመዘገበውም። ፓይተን ላይ ምልክት ሳትሰጡት ስፕሊት ብትሉ ስፔስ፣ ታብና አዲስ መስመር ላይ ይቆርጣል፣ ሁለት ነጥቡን ግን ያልፈዋል። የድሮ ጽሑፍ የምታስገቡ ከሆነ እሱንም ንድፉ ውስጥ ጨምሩት።

የሲኤስቪ ላይብረሪ

መስመር 5 ሠንጠረዥ ወደ ሲኤስቪ ሲወጣ የሚገኝ ቅርጽ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ኮማ ያለበት ነገር በጥቅስ ምልክት ይታቀፋል። ይህ ልማድ በጥቅምት 2005 (በፈረንጆች) አርኤፍሲ 4180 በተባለው ሰነድ ላይ ሰፍሯል። ሦስት ቦታ ነው ያለው፦ አልማዝ፤ ቱሉ ዲምቱ, ብሎክ 14፤ 12,500። ተራው ስፕሊት ጥቅስ የሚባል ነገር ስለማያውቅ አምስት ያደርገዋል፣ ጥቅሶቹንም በየቁራጩ ተለጥፈው ይተዋቸዋል። የሲኤስቪ ላይብረሪ በትክክል ሦስት ይሰጣል።

በጥቅስ ውስጥ አዲስ መስመርም ሊኖር ይችላል። ደንበኛው አድራሻውን በሁለት መስመር ከጻፈ ፋይሉን መስመር በመስመር እያነበበ የሚቆርጥ ኮድ እዚያው ይሰበራል። ላይብረሪው ይህንንም ያውቃል። ፓይተን ላይ ከቋንቋው ጋር አብሮ ስለሚመጣ ዳታ ከፍላችሁ የምታወርዱት ነገር የለም። ጃቫስክሪፕትና ጃቫ ላይ ነጻ የሆነ ላይብረሪ አንዴ ማውረድ ያስፈልጋል። ከማሽን የወጣ ሲኤስቪ ላይ በእጅ የተጻፈ ስፕሊት ሳይ፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቼ መጀመሪያ የምቀይረው እሱን ነው።

አማርኛ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ሲኤስቪውን ጽፋችሁ ኤክሴል ላይ ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ ስትከፍቱት ፊደሉ የተዘበራረቀ ምልክት ሆኖ ይታያል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ኤክሴል ዩቲኤፍ 8 መሆኑን አላወቀም። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቦም የሚባለውን የማይታይ ምልክት የሚጨምር አጻጻፍ ምረጡ፣ ከኤክሴል ስታስቀምጡም "ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8" የሚለውን ውሰዱ። መልሳችሁ በኮድ ስታነቡ ደግሞ ቦሙን እንዲያነሳ ንገሩት። ካልሆነ የመጀመሪያው ኮለም ስም ላይ ተለጥፎ ይቀርና "ስም የሚባል ኮለም የለም" እያለ ያደክማችኋል።

ኤክሴል፣ ሊብሬ ኦፊስ፣ ጎግል ሺትስ

ኮድ ለማይጽፍ ሰው መንገዱ ይኸው ነው፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ኤክሴል ዳታ በሚለው ክፍል ውስጥ ቴክስት ቱ ኮለምስ አለው። የፈለጋችሁትን አንድ ምልክት ይቀበላል፣ ነጠላ ሰረዝንም ጭምር። ያለ ኔት ይሠራል። ጥቅሱንም ያውቃል።

አደጋው ስልክ ቁጥር ላይ ነው። 0900000000ን ቁጥር ነው ብሎ የፊት ዜሮዋን ይበላታል። ከሚከፈተው መስኮት በሦስተኛው ገጽ ላይ ያንን ኮለም መርጣችሁ "ቴክስት" በሉት። አብዛኛው ሰው ሁለተኛው ገጽ ላይ ጨርሻለሁ ብሎ ይወጣል፣ ዜሮዋም ትቀራለች። እዚያው ሁለተኛው ገጽ ላይ "ተከታታይ መለያዎችን እንደ አንድ ቁጠር" የሚል ሳጥን አለ። ምልክት ከተደረገበት መስመር 2 ይበላሻል፤ አንሱት። በስተቀኝ ያሉትን ኮለሞችም ባዶ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ እላያቸው ላይ ስለሚጽፍ።

አዲሱ ቴክስትስፕሊት የሚባለው ፎርሙላ ይበልጣል። ብዙ ምልክት ባንዴ ይቀበላል፣ ባዶውን ቦታ ይጠብቃል፣ ውጤቱ ጽሑፍ ስለሆነ ዜሮዋም አትነካም። ያለው ግን ማይክሮሶፍት 365 እና ኤክሴል 2024 ላይ ነው። 2016 ወይም 2019 ላይ አትፈልጉት። ለዚህ ብቻ ብሎ በውጭ ምንዛሬ የሚከፈል ደንበኝነት መግባት አይገባም።

ሊብሬ ኦፊስ ነጻ ነው። ሲኤስቪ ስትከፍቱ ገና ከመጀመሪያው መለያውንም የፊደል አቀማመጡንም ይጠይቃችኋል። ለአማርኛ ዳታ ከኤክሴል የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ጎግል ሺትስ ስፕሊት የሚባል ፎርሙላ አለው፣ ነባሪ ጠባዩ ግን ለኛ ዳታ አይመችም። ሦስት ፊደል ያለው መለያ ስትሰጡት እያንዳንዷን ፊደል ለየብቻ መለያ ያደርጋታል። "ስፔስ፣ ስላሽ፣ ስፔስ" ብትሉት በስፔስም ስለሚቆርጥ "ቱሉ ዲምቱ" ለሁለት ይሰነጠቃል። ባዶውንም ቦታ ይውጣል። ሁለቱንም ለማጥፋት ከመለያው በኋላ ሁለቴ "ፎልስ" ብላችሁ መጻፍ አለባችሁ። ከዚያም በኋላ ስልኩን ወደ ቁጥር ቀይሮ ዜሮዋን ይጥላል። ለብዙ ሰው ባንዴ ማጋራት ከፈለጋችሁ ጥሩ ነው፤ ለመቁረጡ ግን ሌላውን እመርጣለሁ።

ተርሚናልና ዳታቤዝ፣ ባጭሩ

ሊኑክስ ላይ ትልልቅ ፋይል ለሚያበጥር ሰው አውክ የሚባለው ትእዛዝ ይበቃል። ምልክት ካልሰጣችሁት ተከታታይ ስፔስን እንደ አንድ ያያል፣ ኮማ ከሰጣችሁት ባዶውን ይጠብቃል። ከት የሚባለው ትእዛዝ ግን በብዙ የሊኑክስ ስሪቶች ላይ መለያው አንድ ባይት እንዲሆን ስለሚፈልግ ነጠላ ሰረዝን አይቀበልም። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ስፕሊት ፓርት "ሦስተኛውን ቁራጭ ስጠኝ" ስትሉት ይሰጣል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ስትሪንግ ስፕሊትን ያገኘው በ2016 ስሪቱ ነው፣ ቁራጮቹን በተራ ቁጥር መስጠት የጀመረው ግን በ2022 ስሪቱ ነው። ዳታቤዝ ውስጥ በኮማ የተያያዘ ኮለም ካለ ግን መፍትሔው መቁረጥ ሳይሆን ሠንጠረዡን እንደገና መሥራት ነው።

ስም በስፔስ አይቆረጥም

ይህን ለብቻው ያወጣሁት ሰው ስለሚጎዳ ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብለን ስለምንጽፍ ሙሉ ስምን በስፔስ መቁረጥ ቀላል ይመስላል። "ጸጋዬ ገብረ መድኅን"ን ቁረጡት እስቲ። አባቱ "ገብረ"፣ አያቱ "መድኅን" ሆኑ። ወልደ፣ ተክለ፣ ኃይለ፣ ወለተ የሚሉት ሁሉ እንዲሁ ናቸው። "አብዱል" ብሎ ለብቻ የሚጽፍም አለ። ከእነዚህ ቃላት በኋላ ያለውን መልሶ የሚያያይዝ ዝርዝር መሥራት ይቻላል፤ ይረዳል፣ ሁሉንም ግን አይሸፍንም። የሰው ስም በመታወቂያው ላይ እንዳለው ካልተጻፈ ባንክ ቤትም፣ ቀበሌም ያንከራትተዋል። ቅጹን የምትሠሩት እናንተ ከሆናችሁ ሦስት ሳጥን አድርጉና ሰውየው ራሱ ይሙላ። የሰፈር ስምም እንዲሁ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮየ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ ሁሉም በመካከላቸው ስፔስ አላቸው።

ሲጠቃለል በሠንጠረዥ

| መንገዱ | ምልክቱ ዳታው ውስጥ ሲኖር | ባዶ ቦታ | የአማርኛ ምልክት | ወጪና ኔት |
|---|---|---|---|---|
| ተራው ስፕሊት | ይሳሳታል | ይጠብቃል (ጃቫ መጨረሻውን ይጥላል፣ ስትርቶክ ይውጣል) | አንዱን ብቻ | ነጻ፣ ያለ ኔት |
| ፓርቲሽን / ከት | የመጀመሪያው ላይ ብቻ ስለሚቆርጥ ቀሪውን ያድናል | ይጠብቃል | አንዱን ብቻ | ነጻ፣ ያለ ኔት |
| ሬጀክስ | በከፊል፣ በግምት | እንደ ንድፉ | ብዙ ባንዴ | ነጻ፣ ያለ ኔት |
| ሲኤስቪ ላይብረሪ | በጥቅስ ከታቀፈ ትክክል | ይጠብቃል | ቦሙ ላይ ጥንቃቄ | ነጻ፣ አንዴ ማውረድ ሊጠይቅ ይችላል |
| ቴክስት ቱ ኮለምስ | በጥቅስ ከታቀፈ ትክክል | ሳጥኑ ካልተነካ ይጠብቃል | አንድ ምልክት ይመርጣሉ | ሊብሬ ኦፊስ ነጻ፣ ኤክሴል በክፍያ |
| ቴክስትስፕሊት | ይሳሳታል | ይጠብቃል | ብዙ ባንዴ | ማይክሮሶፍት 365 ወይም ኤክሴል 2024 |
| የጎግል ሺትስ ስፕሊት | ይሳሳታል | ይውጣል፣ ካልተከለከለ | ፊደል በፊደል ይቆርጣል፣ ካልተከለከለ | ነጻ፣ በኔት ይሻላል |

ለማን የቱ?

ላፕቶፕ ያለው፣ ኮድ የማይጽፍ ባለ ሱቅ ከሆናችሁ ሊብሬ ኦፊስ ጫኑ። ትእዛዙን ስትገለብጡ መጀመሪያ በፈልግና ተካ ነጠላ ሰረዙንም ኮማውንም ወደ ቀጥታ መስመር (|) ቀይሩ፣ ሂሳቡ ውስጥ ያሉትን ኮማዎች ግን አስቀድማችሁ አጥፉ። ከዚያ በቀጥታ መስመር ቁረጡ፣ የስልኩን ኮለም "ቴክስት" በሉት።

ስልክ ብቻ ያላችሁ ተማሪዎች፣ በአንድሮይድ ላይ ፓይተን የሚያስኬድ ነጻ አፕ አለ፤ ፓይድሮይድ አንዱ ነው። አንዴ ከወረደ ያለ ኔት ይሠራል። አምስቱን መስመሮች በስፕሊት፣ በፓርቲሽን፣ በሬጀክስና በሲኤስቪ ላይብረሪው ቁረጧቸው። ውጤቱን በዓይናችሁ ካያችሁ አትረሱትም።

ለደንበኛ ሲስተም የምትሠሩ፣ ከሌላ ሲስተም የሚመጣው ፋይል በሲኤስቪ ላይብረሪ ይነበብ፣ ከሰው የሚመጣው በሬጀክስ ተቆርጦ ይቆጠር። መለያውን የምትመርጡት እናንተ ከሆናችሁ ታብ ወይም ቀጥታ መስመር ውሰዱ፤ ሰው ስሙ ውስጥ አይጽፋቸውም። ማሽን ለማሽን ብቻ ከሆነ ለዚሁ ሥራ የተመደበው የአስኪ (የቆየው የፊደል ኮድ ሠንጠረዥ) ቁጥር 31 ምልክት አለ። ከዚያም የሚሻለው ግን እያንዳንዱን ቦታ ከነስሙ የሚጽፈው ጄሰን ነው።

ገንዘብ የማውጣት አቅም ካላችሁ ደግሞ በመቁረጫ መሣሪያ ላይ አታውጡት። ትእዛዙ ገና ሲመጣ የሚቀበል ቅጽ ወይም የቴሌግራም ቦት አሠሩ፤ ስሙን ለብቻ፣ ስልኩን ለብቻ፣ ሰፈሩን ከዝርዝር አስመርጦ፣ ሂሳቡን በቁጥር ብቻ የሚጠይቅ። የቆየው የቴሌግራም ትእዛዝ አንዴ በሬጀክስ ይጸዳል፣ አዲሱ ግን ከመጀመሪያውም መቆረጥ አያስፈልገውም።